የሄይካ እናት መቃብር

ሪስተን የአባቷን ጉድጓድ ራሷ ቆፈረች። «እኔ ልቆፍርልሽ» ያላት ሰው አልጠፋም ነበር። ግን በሰሜን ስዊድን የሉኦፓል መንደር ቤተ ክርስቲያን መቃብር ቆፋሪ እሷ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመንደሩን ሰው ሁሉ አፈር ስታለብስ ኖራ የገዛ አባቷን ለሌላ እጅ መተው አንጀቷ እሺ አላላትም።

አባቷ ሄይካ የሞተው በረዶው ሐይቁን በለቀቀ በሳምንቱ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር። ሠላሳውን ዓመት የዚያው ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ሆኖ አገልግሏል። ዝምተኛ ሰው ስለነበር ሲሞትም ብዙ አልተናገረም፤ ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከእናቴ ጎን» አላት ልጁን። «ጎን ስልሽ ደግሞ ጎን ነው፤ እንደ ጎረቤት ራቅ አድርገሽ እንዳታስቀምጪኝ። ሣጥኔ ሣጥኗን ቢነካ ደስ ይለኛል።»

እናቱ ኢንገር በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት እሱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ካደገ ወዲህ እሑድ እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲበተን እሱ ይቀርና መቃብሯ ዳር ተቀምጦ ያወራታል። የእንጨት መስቀሏን በየሁለት ዓመቱ ነጭ ቀለም ይቀባል። ሪስተን ልጅ ሳለች የድንጋዩ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ትሰማው ነበር። አባቷ የሰሜን አጋዘን አርቢ ወገኖቹን ቋንቋ፣ ሳሚኛን፣ ሲናገር የሰማችው እዚያ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ከእሷም ከእናቷም ጋር የሚያወራው በስዊድንኛ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ በገዛ ቋንቋው ስለተናገረ የተገረፈበት ጠባሳ እጁ ላይ ቀርቷል፤ ያንን በልጁ ላይ ማየት አልፈለገም። ስለዚህ ሪስተን የወገኖቿን ቋንቋ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ትንሿን ኤክስካቫተር አስነሥታ ከነጩ መስቀል በስተቀኝ መቆፈር ጀመረች። አብሯት የሚሠራው ቩሌ አካፋውን ተደግፎ ዳር ላይ ቆሟል። ቩሌ የስልሳ ዓመት ሰው ነው፤ አፉ ቀብር ላይም ቢሆን አያርፍም።

«አባትሽ በሕይወቱም ጠባብ ቤት ይወድ ነበር» አላት። «አሁን ደግሞ ከእናቴ ጋር ካልተጋፋሁ አለ። ኧረ ትንሽ ወደ ቀኝ በይ፣ አሮጊቷን ትቀሰቅሻታለሽ!»

«አሮጊት አይደለችም። ስትሞት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር።»

«እሺ፣ ወጣቷን ትቀሰቅሻታለሽ። የባሰ ነው።»

ሪስተን ሳቅ አመለጣት። አባቷ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ወዲያው የማሽኑ ጥርስ አንድ ነገር ያዘና የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ ወረደ። ከአፈሩ ውስጥ ግራጫ ሳንቃ ብቅ አለ። ከተሰበረው ሳንቃ ኋላ አንድ ክብ ነገር ተንከባሎ ወጣና ጉድጓዱ መሀል ቆመ።

የአያቷ ራስ መሰላት።

ማሽኑን አጠፋችው። «ምን ሠራሁ፣ ምን ሠራሁ» እያለች ዘላ ወረደችና በሁለት እጇ አነሣችው። ከበዳት። አፈሩን በመዳፏ ስትጠርገው ድንጋይ ነው፤ ውኃ ያለሰለሰው የወንዝ ድንጋይ።

ተንበርክካ በተሰበረው በኩል እጇን አስገባች። ሌላ ድንጋይ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ። ከድንጋዮቹ መካከል እፍኝ የምታህል የአጋዘን ቆዳ ከነፀጉሯ አወጣች። የቀረውን ሳንቃ በእጇ ፈነቀለችው። ከራስጌ እስከ ግርጌ ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ ጥርስ እንኳ የለም፤ የልብስ ቁልፍ የለም፤ የሳሚ ሴት አብራት የምትቀበረው የብር የደረት ጌጥ የለም።

ቀና ስትል ቩሌ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል።

«ወሰዷት» አለ። «እነዚያ ራስ ለኪዎች! ድንጋይ ሞልተውበት ወሰዷት!»

ማንን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በአያቶቻቸው ዘመን ከደቡብ የተማሩ ጌቶች እየመጡ «ላፕ» የሚሉትን የሳሚውን ራስ በመቆንጠጫ ይለኩ፣ ሬሳ ከጉድጓድ ያወጡ እንደነበር ሉኦፓል ውስጥ የማያውቅ የለም። የማን ሬሳ እንደተወሰደ ግን ማንም አያውቅም። ማን መቃብር ከፍቶ ይቆጥራል?

ቩሌ እየሮጠ ቄስ ኤቨርትን ጠራቸው። ቄስ ኤቨርት ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው የደቡብ ሰው ናቸው፤ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይሄ... ይሄ በእኛ ግቢ ውስጥ ነው የተደረገው?» አሉ። «በቤተ ክርስቲያን ግቢ?»

«እርስዎ አልነበሩም፣ አባ» አለች ሪስተን።

ቄሱ ግን ዝም አላሉም። እየተቻኮሉ ወደ ቢሯቸው ገብተው ለፖሊስ ደወሉ፤ ለጋዜጣ ደወሉ፤ ራስ ለኪዎቹ የወጡበት ነው ወደሚባለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲም ደውለው የሆነ ሰው ላይ ሲጮኹ በመስኮት ተሰማ። እኩለ ቀን ሳይደርስ የመንደሩ ሰው አጥሩ ላይ ተደርድሯል። ሴቶች አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። አንድ ሽማግሌ «የእኔንስ እናት? የእኔንስ እናት ማን አየልኝ?» እያለ ይዞራል።

ሪስተን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ከእጆቿ አፈር ታራግፋለች። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመላለስባት። አባቷ ስድሳ ዓመት ያወራው ከድንጋይ ጋር ነበር። ሳሚኛውን ሁሉ የሰጠው ለድንጋይ ነው።

ከዚያ አክስቷ ትዝ አለቻት። ማጋ የሄይካ ታላቅ እህት ናት፤ የሰባ ስድስት ዓመት ሴት፣ አግብታ የማታውቅ፣ ከሐይቁ ማዶ ብቻዋን የምትኖር። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እሷም ትከተለው ይሆን ተብሎ ይሰጋላታል። ይህን ወሬ ከሰው አፍ ከሰማች ትሞታለች ብላ ሪስተን መኪናዋን አስነሥታ በረረች።

ማጋ ደጃፏ ላይ መረብ ዘርግታ የተበጠሰውን ትጠግናለች። ቀና ብላ አላየቻትም።

«አፈር በአፈር ሆነሻል» አለቻት በሳሚኛ። «አባትሽን ልትቀብሪ ነው ወይስ አብረሽው ልትገቢ?»

«አክስቴ፣ መረቡን አስቀምጪውና ቁጭ በይ» አለች ሪስተን በስዊድንኛ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሚነጋገሩት፤ አንዷ በአንዱ፣ ሌላዋ በሌላው።

«ቁጭ ብያለሁ እኮ። ዓይንሽ ምን ሆነ?»

ሪስተን ከእግሯ ሥር ተንበርክካ ነገረቻት። ሳንቃው እንደተሰበረ፣ ሣጥኑ ውስጥ አጥንት እንደሌለ፣ ድንጋይ ብቻ እንደተገኘ። አክስቷ ትጮሃለች ብላ ጉልበቷን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ማጋ ግን አልጮኸችም። መርፌዋን መረቡ ላይ ሰክታ ሐይቁን ታይ ጀመር።

«ቆዳው አልበሰበሰም?» አለች።

«የምን ቆዳ?»

«ድንጋዮቹ የተጠቀለሉበት።»

ሪስተን ስለ ቆዳ አንድ ቃል አልተናገረችም ነበር።

«አንቺ ቆዳውን በምን አወቅሽ?»

«ራሴ ስለጠቀለልኳቸው ነዋ» አለች ማጋ። «አባቴና አጎቴ ከወንዝ አመጡ፤ እኔ ጠቀለልኩ። ሣጥኑን ሲሸከሙት ድንጋዮቹ እንዳይንኳኩ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።»

ሪስተን አክስቷ አብዳለች ብላ ዓይኗን ፈተሸች። ዓይኗ ግን የተለመደው ነው፤ ደረቅና ጥርት ያለ።

«ማንም አልሰረቃትም» አለች ማጋ። «እኛ ነን የወሰድናት።»

ነገሩን ስትነግራት አልተጣደፈችም። እናቷ ኢንገር ከመሞቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመከር፣ ጌቶቹ ሉኦፓል መጥተው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፈሩ። ሰዉን እየጠሩ ለኩ። ኢንገርን ከግንባሯ ጀምረው ከጆሮ እስከ ጆሮ ለኳት፤ ልብሷን አስወልቀው ፎቶ አነሷት።

«አንደኛው መቆንጠጫውን እየወለወለ ለድሮው ቄስ ‹ይቺ ሴትዮ ስትሞት ላኩብኝ› አለው። እሷ ፊቱ ቆማ፣ ልብሷን እየለበሰች። ስዊድንኛ የማትሰማ መስሎት!»

«ቄሱስ ምን አለው?»

«ምን ይለዋል? ስሟን ጻፈ።»

ሪስተን አፏን በእጇ ያዘች።

ኢንገር መጋቢት ላይ ሞተች። መሬቱ በረዶ ነው፤ አካፋ አይነካውም። በክረምት የሞተ ሁሉ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ግንቦት እስኪደርስ ቤተ ክርስቲያኑ ማገዶ ቤት ይቆያል። ቄሱ ሐሙስ ሐሙስ በበረዶ ሸርተቴ ወደ ላይኛው መንደር ይሄዳል። በአንዱ ሐሙስ፣ ሰው የገዛ እጁን እንኳ በማያይበት የቀን ውሽንፍር ውስጥ፣ ባሏና ወንድሟ ማገዶ ቤቱን ከፈቱ። እሷን አውጥተው ድንጋዮቹን አስገቡ፤ ሣጥኑን መልሰው በሚስማር መቱት። እሷን በበርች ቅርፊት ጠቅልለው በአጋዘን በሚጎተት ሸርተቴ በሐይቁ በረዶ ላይ ወደ አንዲት ደሴት ወሰዷት።

«በግንቦት ቄሱ ድንጋዩ ላይ ጸሎት አነበበ። አባትሽ አለቀሰ። እኔም እሱን እያየሁ አለቀስኩ።»

«ጌቶቹስ? ሊወስዷት መጡ?»

«በየበጋው ጠበቅናቸው። አልመጡም። ከዚያ ጦርነት ሆነ፤ ቄሱም ሞተ።»

«በከንቱ ነበር ማለት ነው?»

«እንደማይመጡ በምን እናውቃለን?» አለች ማጋ ቆጣ ብላ። «አንቺ ዛሬ ተቀምጠሽ ይቀልሻል!»

ሪስተን በመጨረሻ ተነሣች። ድንጋጤዋ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ለራሷም ታወቃት። ድምፅዋ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ጮኸች።

«አባቴስ? አባቴን ስድሳ ዓመት ድንጋይ ፊት አስቀመጥሽው! መስቀሉን ሲቀባ ታይው ነበር! ቀለሙን አንቺ ነሽ ከከተማ የምታመጪለት! እንዴት አስቻለሽ? አንድ ቀን ጠጋ ብለሽ ‹ሄይካ፣ እናትህ እዚህ የለችም› ማለት ምን ነበረበት?»

ማጋ መረቡን ከጭኗ ላይ አነሣችና ወለሉ ላይ አኖረችው።

«ዳቦ» አለች።

«ምን?»

«ቀረፋ ያለው ጣፋጭ ዳቦ። ጌቶቹ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሲሰፍሩ አባትሽ ሰባት ዓመቱ ነው። ሌሎቹ ልጆች መቆንጠጫውን ሲያዩ ያለቅሳሉ፤ እሱ አላለቀሰም፤ ጎበዝ አሉት። ስዊድንኛውም ከሁሉ ይሻል ነበር። አንደኛው ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዳቦ ሰጠውና ‹የእናንተ የድሮ ሰዎች የት ነው የሚተኙት?› አለው። ልጅ ነው። የሚያውቀውን ሲጠየቅ ደስ አለው። እጁን ይዞ የጥዱ ጉብታ ድረስ ወሰደው።»

ሪስተን የጥዱን ጉብታ ታውቀዋለች፤ ከመንደሩ በስተሰሜን ወደ ሐይቁ ገባ ያለ ድንጋያማ ቦታ ነው። እዚያ የተቀበረ ሰው እንዳለ ሰምታ አታውቅም።

«በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ትንባሆ ልታኖርላቸው ሄደች» አለች ማጋ። «አብሬያት ነበርኩ። ድንጋዮቹ ተገልብጠዋል። አካላቸው አለ፤ አሥራ አንዱም ራስ የላቸውም። አንደኛው የእናቴ አባት ነው፤ ገና አራት ዓመቱ ነበር ከተቀበረ። በቀበቶው አወቀችው። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። አንድ በአንድ መልሳ አለበሰቻቸው። ቤት ስንገባ ሄይካ በራፍ ላይ ቆሞ ‹እኔ እኮ የድሮ ሰዎቹን ቦታ አሳይቼ ዳቦ በላሁ! ጌታዬ ጎበዝ አለኝ!› አላት።»

ሪስተን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«እናቴ አቀፈችው። ‹ይጣፍጥ ነበር?› አለችው። በኋላ ሁላችንንም ሰብስባ አማለችን። ልጄ ይህን ተሸክሞ አያድግም አለች፤ ሳያውቀው ይሙት አለች። እሷ የት እንዳለች ከነገርኩት፣ ለምን እዚያ ሆነች ይለኛል። ለምን ፈራችሁ ይለኛል። ታውቂዋለሽ፣ አባትሽ ጥያቄ ከጀመረ ጠርዙ ድረስ ነው የሚሄደው። ጠርዙ ላይ ደግሞ ያ ዳቦ አለ።» ማጋ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። «ሳያውቀው ሞተ። አደረስኩት።»

ከሰዓት በኋላ በማጋ ጀልባ ሐይቁ ላይ ወጡ። ሪስተን ሞተሩን ልታስነሣ ስትል አክስቷ ከለከለቻት።

«ቅዘፊ። በሞተር ከሄድሽ አትሰሚኝም። ደግሞ በስዊድንኛ አልነግርሽም፤ በስዊድንኛ ያ ደሴት የቄሱ ደሴት ነው። በዚያ ስም ሂጂና ፈልጊያት፣ አታገኚያትም።»

የጀልባው አፍንጫ ወደ ደሴቱ ሲዞር ማጋ እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ መጥራት ጀመረች። ውኃ ሲጎድል ብቻ የሚታየው፣ ጀርባው የአጋዘን ጀርባ የሚመስለው፣ ንፋስ የሚከለክለው፤ እያንዳንዱ በሳሚኛ ስም አለው፤ ስሙም መንገድ ነው። አንዱን ካገኘሽ ወደሚቀጥለው የሚመራሽ ስሙ ራሱ ነው። ደሴቷ ስሟ «የምታሳርፈው» ነው። ሪስተን እንድትደግመው ታዘዘች። አፏ ውስጥ ቃሉ ተሰባበረ። ማጋ እንደገና አስባለቻት፤ እንደገና። ሪስተን እየቀዘፈች፣ እያላበች፣ እንደ ሕፃን ቃል ስታስተካክል እንባዋ ወረደ፤ አክስቷ ግን አልራራችላትም።

«እንዲህ ካልሽው ‹የምታስነጥሰው› ይሆናል። ድገሚ።»

ደሴቷ ላይ ወጥተው ማጋ በትሯን እየተደገፈች ወደ ሰሜኑ ገደል መራቻት። ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች ተጠጋግተው መሀላቸው ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ በትናንሽ ድንጋዮች ተደፍኗል፤ ላዩን ድንጋይ ላይ የሚበቅል ግራጫ ሽበት አልብሶታል። ሪስተን ቦታውን ስታየው አወቀችው።

እዚያ ተቀምጣ ዓሣ በልታለች። ልጅ ሳለች በየበጋው አክስቷ «ዛሬ ዓሣ እናጭስ» ትልና አባቷን እየጎተተች ታመጣው ነበር፤ እሱም «ከስንቱ ደሴት ይቺን ብቻ!» እያለ ያጉረመርማል። ከበላ በኋላ እነዚያ ድንጋዮች ሥር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይተኛል። ቤቱ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው እዚህ ያንኮራፋ ነበር።

«አንቺ...» አለች ሪስተን።

«ሃምሳ በጋ አምጥቼዋለሁ» አለች ማጋ። «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ሪስተን ድንጋዩን በመዳፏ ነካችው። «እዚህ ነው የምቀብረው» አለች። «እሱ የጠየቀው ያንን ጉድጓድ አይደለም። እናቱን ነው የጠየቀው።»

«ጀልባ ላይ ሣጥን ጭነሽ? በዚህ ፀሐይ በማይጠልቅበት ወር? መንደሩ ሁሉ ያይሻል። ነገ ቄሱ፣ ከነገ ወዲያ ፖሊስ፣ ከዚያ ደግሞ የተማረ ሰው አካፋ ይዞ።»

«ዘመኑ ተለውጧል እኮ፣ አክስቴ።»

«እሱን እንኳ እነሱም ያኔ ይሉን ነበር።»

ተጨቃጨቁ። ሪስተን ጮኸች፤ ማጋ ጀርባዋን ሰጠቻት። በመጨረሻ አክስቷ ጎንበስ ብላ ከስንጥቁ አፍ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ነቅላ ለሪስተን ሰጠቻትና በቦታዋ ሌላ አስገባች። «ይቺን ይያዝ» አለች። በመመለሻቸው ላይ አልተነጋገሩም፤ የድንጋዮቹን ስም ብቻ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ሪስተን ሳትጠየቅ ደገመች።

ሐሙስ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የያዘችው ሪስተን ነበረችና ሣጥኑን ለአክስቷ ከፈተችላት። ሄይካ ሰማያዊውን የወግ ልብሱን ለብሷል። ማጋ ድንጋይዋን መዳፉ ውስጥ አድርጋ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችበት። ከዚያ ጆሮው ጋ ዝቅ ብላ ነገረችው። እናታቸው የት እንዳለች፣ በማን ሸርተቴ እንደሄደች፣ ውሽንፍሩ እንዴት እንደነበር፣ ከየትኛው ድንጋይ ወደየትኛው እንደሚቀዘፍ። በእንቅልፉ ስንት ጊዜ እግሯ ሥር እንዳንኮራፋ ነገረችውና ሳቀችበት። ሪስተን ግድግዳው ጋ ቆማ ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀች። አልመጣም። ስለ ዳቦው ማጋ ለሬሳው እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ቅዳሜ ቀበሩት። ድንጋዮቹ ወደ ሣጥናቸው ተመለሱ፤ የእሱ ሣጥን እንዳዘዘው ከጎናቸው ተደገፈ። መንደሩ ያለቀሰው ለተሰረቀች ሴት ነው፤ ጋዜጣውም የጻፈው ስለተሰረቀች ሴት ነው። ሪስተን እውነቱን ልታወጣ ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለቴም ዘጋችው። አልተሰረቀችም ካለች፣ ታዲያ የት አለች ይሏታል። ቄስ ኤቨርት በቤተሰቡ ስም በየወሩ ቁጡ ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ሲጽፉ እያየች «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባ» ትላቸው ነበር።

መልሱ የመጣው በዓመት ከሁለት ወሩ ነው። ቄሱ ፖስታውን ሳይከፍቱ አመጡላት። ሪስተን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ አነበበችው።

ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤቱን ሁሉ እንደፈተሸ፣ ኢንገር የምትባል ሴት አፅም ግን እንዳላገኘ ጽፏል፤ ይቅርታም ጠይቋል። ሆኖም በፍለጋው ወቅት ማንም የማያስታውሳቸው ሣጥኖች ተገኝተዋል። ከሉኦፓል፣ ከጥዱ ጉብታ፣ አሥራ አንድ የራስ ቅል። ቤተሰብ ከጠየቀ ይመለሳሉ። ለማስረጃ የዘመኑ መዝገብ ገጽ ቅጂ ተያይዟል።

ሪስተን ገጹን ገለጠችው። በተዋበ የእጅ ጽሕፈት ቀኑ፣ ቁጥሮቹ፣ የእያንዳንዱ ራስ ስፋት ተጽፏል። ከግርጌው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ቦታውን ያሳየን ሄይካ፣ የሰባት ዓመት የላፕ ልጅ፣ ንቁ። የተከፈለው አንድ ጣፋጭ ዳቦ።»

አክስቷ ቤት እስክትደርስ ሁለት ጊዜ መኪናዋን ዳር አቁማ ገጹን መልሳ አየችው። ከዚያ አጣጥፋ ከደረቷ ሥር፣ ከሸሚዟ ውስጥ አስገባችው።

ማጋ ዓሣ እየሰነጠቀች ነበር። ሪስተን በሳሚኛ፣ ቃሉ እየተሰባበረባት፣ አሥራ አንዱ እንደተገኙ ነገረቻት። ማጋ ቢላዋውን ጣለች። በሁለት እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«ሁሉም?» አለች።

«ሁሉም። ይመለሳሉ።»

«አያቴም?»

«አዎ።»

ማጋ አለቀሰች። ሪስተን አክስቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም፤ ለወንድሟ ቀብር እንኳ አላለቀሰችም። ሲበቃት እጇን ታጠበችና ዞር ሳትል ጠየቀች።

«ወረቀቱ... ማን እንዳሳያቸው ይላል?»

«አይልም» አለች ሪስተን።

ማጋ ዞራ ረዥም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቢላዋዋን ከወለሉ አንሥታ ለሪስተን ሁለተኛውን ዓሣ ገፋ አደረገችላት።